መንታ ናሙና

ሕሊና ንፋስ መውጫ ባደረችበት አልጋ ቤት ማልዳ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ ዳቦ በሻይ ቀመሰች፣ የናሙና ሣጥኗን ከፍታ በረዶው አለመቅለጡን አየች፤ ከዚያ ባጃጅ ይዛ ወደ ሕክምናው ሄደች። ኤችአይቪን ማጥናት ከጀመረች ወዲህ ጠዋቷ እንዲህ ነው። ጎንደር ተምራ፣ አዲስ አበባ ዶክትሬቷን ይዛ ዕድሜዋን የሰጠችው ለአንድ ጥያቄ ነበር፤ በጋይንትና በስማዳ ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚላመደው ለምንድን ነው?

ባጃጁ ውስጥ ሳለች የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ዳንኤል ከአዲስ አበባ ደወለ።

«የንፋስ መውጫዋ ሴትና የወገዳዋ ሴት ቫይረስ አንድ ነው። ተመሳሳይ አላልኩሽም፤ አንድ ነው። ናሙና ደባልቀሻል።»

«አልደባለቅሁም።»

«እንግዲያው መንታ ቫይረስ አግኝተሻል፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ካላስረዳሽኝ የላብራቶሪሽን ውጤት በሙሉ እጥለዋለሁ።»

የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ስልክ። ሕሊና ብግን አለች። እዚያው ባጃጁ ውስጥ የሁለቱን ሴቶች መለያ ቁጥር መድኃኒት ለሚያድለው ቢሮ ላከች፤ «ከእነዚህ አንዱ ሐሰተኛ ምዝገባ ይመስለኛል፤ ይጣራልኝ።» ደማቸውንም እንደገና በራሷ እጅ ልትወስድ ቆረጠች።

የንፋስ መውጫዋ ታካሚ ወለተ ሚካኤል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። ክንዷን ዘረጋች። ሕሊና ደሙን ቀድታ በመርፌው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጠፈችላት።

ሁለተኛዋ ታካሚ ወዳለችበት ወደ ስማዳ፣ ወገዳ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከአርብ ገበያ ወዲያ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ጎማው ሲቀየር ጭቃ ያዘው። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ፤ ሕሊናም ሣጥኗን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገፋች።

በማግሥቱ ክንዱ የሚባለው የወገዳው ነርስ፣ አስካለ የምትባለዋን ታካሚ ይዞ ገባ። ሴትዮዋ ሕሊናን ስታይ በሩ ላይ ተተከለች። እጅጌዋን ስትሰበስብ ፕላስተሩ እዚያው አለ።

«ይህን ማን ለጠፈልዎት?» አለች ሕሊና።

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ትናንት።»

ክንዱ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ዶክተር፣ ቫይረሱ ምን ያድርግ? የተባዙት እትዬ ናቸው።»

«ክንዱ ሲደውልልኝ በጭነት መኪና መጣሁ» አለች አስካለ። «እርስዎ እዚያም እዚህም መሆንዎን በምን አውቄ? ደግሞ አልዋሸሁም። ወለተ ሚካኤል የክርስትና ስሜ ነው።»

«እሺ፣ የሁለት ሰው መድኃኒት ምን ያደርግልዎታል?»

አስካለ ክንዱ እስኪወጣ ጠበቀች።

«አንደኛው የመሪጌታ ነው» አለች። ባሏ መሪጌታ ታፈረ አርብ ገበያ አጠገብ ድጓ ያስተምራሉ። «ሕክምና ደጅ ተሰልፈው ቢታዩ ደቀ መዝሙሩ ሁሉ ይበተናል ብለው አሻፈረኝ አሉ። ድምፃቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ይኸው ማኅሌት ይቆማሉ።»

ሕሊና በረጅሙ ተነፈሰች። ላብራቶሪዋ ንጹሕ ነው። ወዲያው ግን የላከችው መልእክት ትዝ አላትና ወደ ቢሮው ደውላ መድኃኒቱን የሚወስድ ሌላ ታካሚ መኖሩን አስረዳች።

«በጥቆማዎ መሠረት ወለተ ሚካኤል ትናንት ተሰርዛለች» አላት አንድ ትሑት ድምፅ። «እናመሰግናለን። ሌላ ታካሚ ካለ ራሱ መጥቶ ይመርመር።»

«ቤታችሁ መጥቼ ልለምናቸው» አለች ሕሊና ወደ አስካለ ዞራ።

«ዶክተር ደጃችን ከቆመችማ ደብሩ በሙሉ ሰማ ማለት ነው። ግድ የለም፣ የእኔን ክኒን ከሁለት እንከፍለዋለን። ቢላዋ አለን።»

«አይሆንም እትዬ አስካለ። ግማሽ ክኒን ቫይረሱን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል እንጂ አያስታግሰውም። በኋላ ሙሉውም ለሁለታችሁም አይሠራም። እኔ ስንት ዓመት የማጠናው ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ ሙሉውን ማን ይዋጠው? እሳቸው ወይስ እኔ? ይንገሩኛ።»

ሕሊና ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀችው። አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ዶክተር ዳንኤል ማብራሪያውን ተቀበለ፤ ጥናቱም ቀጠለ። አርብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤት ግን ባልም ሚስትም በየማታው ግማሽ ግማሽ ክኒን ይጎድላቸዋል።