የመጀመሪያዋ ጉንጭ

ቀማሾቹ «አነፍናፊዋ» ይሏታል። ስሙ ሻንጣ ለሚፈትሹ ውሾች እንጂ ባል ላላት፣ ለአርባ ለተቃረበች ሴት እንደማይገባ ስንቴ ተናግራለች፤ ማን ሰምቷት! ደግሞስ እውነታቸውን ነው። ውስኪ የተቀዳበት ብርጭቆ ላይ አፍንጫዋን ካሰገገች በርሜሉ ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ ስንት ክረምት እንደተኛ፣ አንዳንዴማ የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ እንደነበር ሳይቀር ትናገራለች። በየወሩ በመጽሔት ላይ የምትጽፈው ግምገማ አንዱን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርዶ ያሸጣል፣ ሌላውን አቧራ ያለብሳል። አስመጪዎች ሲያገኟት ጎንበስ ቀና የሚሉት ለቁንጅናዋ አይደለም።

በዚያ ሰሞን ግን ይህች ሴት ከባድ ጭንቅ ላይ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ ሁለቱንም ጊዜ ደስታው አላስችል ብሏት ለዘመድ ለጎረቤት አዳርሳ፣ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዷታል። ከማጣቱ ባልተናነሰ ያቃጠላት ማጽናናቱ ነበር። በር እያንኳኳ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ» የሚላት ሰው እስኪያልቅ ወራት ፈጀ። በዚህኛው እሷም ባሏም አፋቸውን ለጎሙ። እናቷ እንኳ አልሰማችም፤ እናቷ ሰማች ማለት አገር ሰማ ማለት ነው።

ችግሩ የቀማሾቹ ደንብ ነው። አዲስ ውስኪ ሲመጣ ሦስት ቀማሾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ጉንጭ ትዋጣለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልዲ ውስጥ መትፋት ይቻላል። የመጀመሪያዋን ግን ጉሮሮ ሳይመሰክርላት ነጥብ መስጠት ክልክል ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ በሌላው ነገር ሁሉ ቢቀልዱ በዚህ ደንብ አይቀልዱም።

እንዳትቀርስ? የመጣው ውስኪ እንደማንኛውም ውስኪ አይደለም። ሦስት መቶ ጠርሙስ ብቻ ተሞልቶ በርሜሉ ለዘላለም የተዘጋ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ቁጥሩ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ነው። እሱ ሲቀመስ አነፍናፊዋ ብትጠፋ፣ ቢራቢሮ ምክንያቱን ሳያጣራ አያድርም።

ቢራቢሮ ሦስተኛው ቀማሽ ነው። ስሙ የወጣለት ከአንገቱ ከማትጠፋው የቢራቢሮ ክራቫት ነው። የሌላ መጽሔት ገምጋሚ ሲሆን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ነጭ ያለችውን ጥቁር ሲል ኖሯል። አንድ ጊዜ «አንዳንድ አፍንጫዎች ሽቶ ቤት ቢቀጠሩ ያምርባቸው ነበር» ብሎ ጽፏል። ስም አልጠራም፤ ግን የማን አፍንጫ እንደሆነ ያልገባው አንባቢ አልነበረም። ሁለቱ እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነው የሚባባሉት። መከባበር እንዳይመስላችሁ፤ «አንተ» እና «አንቺ» ለመባባል ትንሽ መቀራረብ ስለሚጠይቅ ነው።

መላውን ያመጣው ባሏ ነው። ቀለም መሸጫ ሱቅ አለው፤ ደንበኛ የግድግዳ ፍቅፋቂ በወረቀት ጠቅልሎ ቢያመጣለት ያንኑ መልክ በጥብጦ የሚሰጥ ሰው ነው። አስመጪው የላከላትን የውስኪውን ፎቶ መስኮት ላይ ለጠፈና ሻይ ጣደ። ከፎቶው ሥር ነጭ ሳህን አስደግፎ ብርጭቆ ደረደረ።

«ይሄ የቤት በር ቀለም ነው» ይልና ይደፋል። «ይሄ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር!» ይልና ይደፋል።

በመጨረሻ የተቃጠለ ስኳር ጠብ አድርጎ አንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አነሳ። «ይሄን መላእክት እንኳ አይለዩትም» ብሎ ማለ። ሻዩ በደንብ በታጠበ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ተሞልቶ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ።

ቅምሻው የተዘጋጀው አስመጪው ቢሮ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በየወንበሩ ሥር አንድ አንድ ባልዲ። አስመጪው ጠርሙሱን ከሳጥኑ ሲያወጣ አራስ ልጅ የታቀፈ ይመስል ነበር። ለሦስቱም ቀዳላቸው፤ ለራሱ መቅዳት ግን አልደፈረም።

እርግዝናው አፍንጫዋን ለይቶለት አሳብዶታል። ሰብሳቢው ጠዋት እንቁላል መብላታቸው፣ አስመጪው ጫማውን አሁን ማስጠረጉ፣ መጋረጃው ከተሰቀለ ጀምሮ አለመታጠቡ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ወደ ብርጭቆዋ ስትጠጋ ደግሞ ሌሎቹ ማርና ዘቢብ የሚሉለት ውስኪ ለእሷ የራሰ ካርቶንና ሙጫ ሸተታት። እንደምንም ጥርሷን ነክሳ ቻለችው።

«እስቲ ቀለሙን እንየው» አሉ ሰብሳቢው።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ። አነፍናፊዋ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ጎንበስ አለች፤ ውስኪውን ባልዲው ውስጥ ደፋች፣ ሻዩን በብርጭቆው ገለበጠች፣ ቀና ብላ ከኋላ ደረሰችባቸው። ሦስቱ ብርጭቆዎች ብርሃን ላይ ሲያዩዋቸው የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። በልቧ ባሏን ጉንጩን ሳመችው።

ወደ ወንበራቸው ተመልሰው የመጀመሪያዋን ጉንጭ ዋጡ። እሷም ዋጠች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እንዲያውም ጉሮሮዋን ያቃጠላት መስላ ሳል አለች። ከተጫወቱ አይቀር እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ሰባ አምስት ብትጽፍ ኖሮ ነገሩ ውሃ በልቶት ይቀር ነበር። አውቃዋለች። እጇ ግን አልታዘዛትም። ያንን የራሰ ካርቶን ሰባ አምስት ልትለው? ሞቷ ነው! ስልሳ አንድ ብላ ጻፈች።

ቢራቢሮ ዘጠና ሰጥቶታል።

ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ልጆች፣ በቃላት ስትቧጨሩ አውቃለሁ፤ በነጥብ እንዲህ ስትራራቁ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ደንቡን ታውቁታላችሁ። ብርጭቆ ተለዋወጡ።»

ይህ ሌላው ደንብ ነው። የሁለት ቀማሾች ነጥብ በጣም ከተራራቀ አንዱ የሌላውን ብርጭቆ ይቀምሳል፣ እዚያም የመጀመሪያዋ ጉንጭ ትዋጣለች፤ ሳሙናው በደንብ ያልለቀቀው ብርጭቆ ስንቱን ውስኪ ሲያዋርድ ታይቷል። ለዓመታት ስላልተሠራበት አነፍናፊዋና ባሏ ሲመካከሩ ጨርሶ ትዝ አላላቸውም። ሻይዋ ወደ ቢራቢሮ ሊሄድ ነው፤ ውስኪው ወደ እሷ ሊመጣ ነው። ሦስት ሰው አፏን እያየ እንዴት አድርጋ ታመልጣለች?

ቢራቢሮ ብርጭቆዋን አነሳ። አሸተተው። ፉት ብሎ ዋጠ። በብርጭቆው አፍ ላይ አሻግሮ አንዴ አያት፤ ከዚያ የቀረውን ጭልጥ አደረገው። የራሱን ብርጭቆ ሊያቀብላት እጁን ሲሰድ የኮቱ እጅጌ ጠለፈውና ያ ሁሉ ውስኪ ነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ በፈጣሪ!» አስመጪው ብድግ አለ። «ይሄ እኮ ሁለተኛ የማይገኝ ነው!»

«ይቅርታ፣ አዳለጠኝ» አለ ቢራቢሮ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «ስለ እሳቸው ብርጭቆ ግን ልናገር። እንጨቱ ከፊት ይመጣል። ቀጥሎ ቅጠል አለ፤ አዎ፣ ቅጠል። ወደ መጨረሻው መረር ይላል። አልኮሉማ እንዴት ያለ ድብቅ ነው! ፈልገው አያገኙትም። እሳቸው ልክ ናቸው፣ እኔ ቸኩያለሁ። ነጥቤን ወደ ሰባ ዝቅ አድርጉልኝ።»

«እንግዲያውስ ተስማማችሁ» አሉ ሰብሳቢው፣ ገርሟቸው። አስመጪው በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውስኪና ሃያ ነጥብ ያጣ ሰው ሆኖ ተቀመጠ።

አነፍናፊዋ እዚህ ላይ ተመስገን ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መውጣት ነበረባት። ግን እስቲ ፍረዱ! ዘጠኝ ዓመት ሲያቃጥላት የኖረ ሰው የባሏን ሻይ ጠጥቶ «አልኮሉ እንዴት ያለ ድብቅ ነው» እያለ ዝም ይባላል? ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫዋ አመለጣት። አፏን በእጇ ከደነች፤ በጣቶቿ መሃል ወጣ። ከዚያ ፈነዳ።

«ሻይ ነው እኮ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የጠጡት ሻይ ነው! ባሌ ኩሽና ውስጥ ያፈላው ሻይ!»

ሰብሳቢው ባዶውን ብርጭቆ አንስተው አሸተቱ። «ሻይ ነው» አሉ፣ የፈተና ውጤት በሚናገሩበት ድምፅ።

አስመጪው ለንዴቱ ሰው አገኘለት። ጣቱን ቢራቢሮ ላይ ቀሰረ። «ሻይና ውስኪ ሳይለዩ ነው የኔን ጠርሙስ ሰባ ያሉት? ነገ ይሄን ያልሰማ አስመጪ፣ ያልሰማ መጽሔት አይኖርም! ለሁሉም ነው የምነግረው!»

ቢራቢሮ መሐረቡን አውጥቶ የፈሰሰውን መጥረግ ጀመረ። የአነፍናፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«ለመሆኑ ልጄ፣» አሉ ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞረው፣ «አንቺስ ሻይ ተሸክመሽ የመጣሽው ለምንድን ነው?»

ሳቋ ቆመ። ነገሩ እዚህ እንደሚደርስ አላሰበችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ሐኪም አዞላቸው ይሆናል» አለ ቢራቢሮ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳይል። «ለጨጓራ የሚሰጡት ኪኒን ከአልኮል ጋር አይስማማም። እኔም አምና ወስጄዋለሁ።»

«ጨጓራ ክፉ ነው» አሉ ሰብሳቢው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

አነፍናፊዋ ቢራቢሮን አየችው። ከዚያ የሚጠርገውን እጁን አየችው። ይህ ሰው ጠብታ ሲያፈስ አይታው አታውቅም። ዛሬ የደፋው ብርጭቆ ደግሞ ወደ እሷ ሊመጣ የነበረው ብርጭቆ ነው። ሻዩንም ሌላ ሰው የሚቀምሰው ጠብታ ሳያስቀር ጨልጦታል። ክው አለች። ሊያጋልጣት ይችል የነበረው ሰው ሸሸጋት፤ እሷ ደግሞ እሱን ለማዋረድ ቸኩላ ራሷን አጋለጠች። እፍረቱ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት።

አሁንም መውጫ ነበራት። «አዎ፣ ጨጓራዬን ነው» ብትል ሆዷ ውስጥ ያለው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ቢራቢሮ ግን ነገ ሻይና ውስኪ ያልለየው ቀማሽ ተብሎ ይቀራል፤ በዚህ ሙያ ከዚያ በኋላ እንጀራ የለም። አስመጪው ስልኩን አውጥቶ ቁጥር መፈለግ ጀምሯል።

«ጨጓራ አይደለም ጋሼ» አለች። ከወንበሯ ተነሳች። «ነፍሰ ጡር ነኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል። ሻዩን አውቀው ነው የጠጡት። ውስኪውንም አዳልጧቸው ሳይሆን፣ እኔ እንዳልጠጣው ብለው ነው የደፉት።»

ቃሉን ከባሏ ሌላ ለሰው ስትናገረው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከአፏ እንደወጣ አንድ ነገር እንደሚወርድባት ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም አልወረደም። ስትገልጠው አስመጪው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ የራሱን ወንበር፣ ያንን ትልቁን የቆዳ ወንበር፣ እየገፋላት ነበር።

«ምን ያስቆምሻል፣ ቁጭ በይ እንጂ!» አላት። «መስኮቱን ክፈቱላት! ውሃ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ሰብሳቢው ሁለቱን የነጥብ ወረቀቶች ቀደዱ። «ቅምሻው ይደገማል» አሉ። «አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ ነይ ልጄ። እስክትወልጂ ድረስ ጉሮሮውን ለእኛ ተዪልን።»

ሊፍት ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ገቡ። አነፍናፊዋ የሚያበሩትን ቁጥሮች እያየች ቆየችና «እንዴት አወቁ?» አለችው።

«ሻይ መሆኑን ገና ሳሸተው አወቅኩ። ሻይ ይዞ የሚመጣ ቀማሽ ወይ ታሟል ወይ አርግዟል። የታመመ ሰው ደግሞ ስልሳ አንድ አይሰጥም፤ ይራራል። እኔና ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ለሰው ተናግረን፣ ሦስት ጊዜ አጥተናል። በአራተኛው ለማንም አልነገርንም።»

«አራተኛውስ?» ለመጠየቅ ፈርታ ነበር የጠየቀችው።

«አራተኛዋ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ነገረኛ ናት።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ግን ይኸው፣ ሳልችል ቀርቼ ተናገርኩት» አለች።

«ለእኛ መናገር ምን መናገር ነው! ሽማግሌው እስከ ማታ ይረሱታል። አስመጪው ዕድሜ ልኩን የሚያስታውሰው የፈሰሰበትን ውስኪ ነው።»

«አንተስ?» አለችው። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ፈገግ አለ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስላንቺ ክፉ ክፉውን ሳወራ ኖሬ፣ ዛሬ ተነስቼ ደግ ነገር ባወራ ማን ያምነኛል?»