ግራ እጇን ስታነሳ

ልብስ ሰፊዋ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ እንደገና ከራሷ መጥፋትን። አምና አንድ ችኩል የአእምሮ ሐኪም ገና በሁለተኛው ቀጠሮ በዓይኗ እንድትከተለው ጣቱን ፊቷ ላይ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ «ያን የልጅነትሽን ክፉ ቀን አስቢው» አላት። አሰበችው። ከዚያ በኋላ የምታውቀው፣ በሁለተኛው ቀን መናኸሪያ ውስጥ የማታውቀው ሰው ነጠላ ጫማ አድርጋ መቀመጧን ነው። ጉድ እኮ ነው! ጫማው ደግሞ የወንድ፣ ቁጥሩ አርባ ሦስት።

አዲሷ ሐኪም ግን ለጉድ ነው ቀስ የምትለው። አራት ወር ሙሉ ስላለፈው አንዲት ቃል አልጠየቀችም። በእግርሽ ወለሉን ተጫኚ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ መስኮቱ ስንት መስታወት አለው፤ በቃ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዋም ከሱቋ ያመጣችውን ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ጨብጣ ትመልሳለች። ሁሌ የምታደርሳት ታላቅ እህቷ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ዶክተር፣ በዚህ አያያዝ እኮ እኔ አርጅቼ ልሞት ነው! ያን ትዝታ አንዴ ጎትተው አውጥተው አይገላግሏትም?»

«ውስጧ ያሉት ሁሉ ሳይስማሙ አልነካውም» አለች ሐኪሟ።

ውስጧ ያሉት የምትላቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ስትጠፋ በእሷ ቦታ ብቅ የሚሉትን ነው። አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ሚጢጢ ይሏታል። ሚጢጢ ግራኝ ናት፤ ልብስ ሰፊዋ ግን በግራዋ መርፌ እንኳ አትይዝም። ከሐኪሟ ጋር ያላቸው ስምምነት ግልጽ ነበር፤ ማንኛቸውም እጅ ካነሱ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ሁሉም ተስማምተው ዛሬ ቀኑ ደረሰ። ሐኪሟ ትልቁን ነገር ትታ ትንሽ ቁራጭ መረጠች፤ በር ሲዘጋ የተሰማውን ድምፅ፣ እሱን ብቻ። የሐኪሟ ጣት በዓይኗ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ። አራቴ፣ አምስቴ። ልብስ ሰፊዋ ክፍሉ ራቃት፣ ጆሮዋ ድፍን አለ። «ጠፋሁ በቃ!» አለች በሆዷ። ያኔ ግራ እጇ ሳታዝዘው ከጭኗ ላይ ተነሳ፤ ስንዝር ያህል ብቻ።

የሐኪሟ ጣት ባለበት ቀጥ አለ።

«አየሁሽ። ቆሜያለሁ» አለች፤ እጇንም በራሷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። «ቁልፉን ጨብጪው። ስንት ቀዳዳ አለው?»

«አራት።»

የራሷ ድምፅ ነበር። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አንዲት ደቂቃ አልጎደለባትም። እፎይ! ያኔ እየሳቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው?» አለች ሐኪሟ።

«ሚጢጢ ናት። ያኔ በሩ ሲዘጋ ስንቴ ተው ብላ ነበር፤ ማን ሰማት? ዛሬ እጇን ብቻ አነሳች፣ ቆሙላት።»

ኮሪደሩ ላይ እህቷ ተንደርድራ መጣች። «እሺ፣ ወጣልሽ?»

«አልወጣም። እጄን ሳነሳ ዶክተሯ ቆሙልኝ።»

«ይኼ ነው እንዲህ የሚያስፈነድቅሽ? ነይ በይ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!» ብላ እንደ ልማዷ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

ልብስ ሰፊዋ ግራ እጇን አነሳች።

እህቷ እጁን አየች፣ ፊቷን አየች። ክንዷን ለቀቀች።

«እሺ እህቴ» አለች፤ «በራስሽ እርምጃ።»