ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ

ጸደንያ የፋርማሲ ተማሪ ናት። አራተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምቱ የሥራ ልምምድ መካነ ሰላም ስትመደብ ጓደኞቿ ሳቁባት። ለእነሱ የአዲስ አበባና የደሴ ትልልቅ ሆስፒታሎች ደርሰዋቸዋል፤ ለእሷ ደግሞ ከትውልድ ቀዬዋ ከከላላ እምብዛም በማይርቅ ከተማ፣ የወይዘሮ አሚራ አንዲት በር ያላት መድኃኒት ቤት። አብራቸው ሳቀች እንጂ ቅር ብሏት ነበር። የቄስ አካሉ ልጅ መባል ሰልችቷታል፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሌላ ሰው መሆን ነበር የምትፈልገው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ይህን ያልተመኘ ካለ እሱ ይፍረድባት።

አሚራ መድኃኒት ቤቷን የከፈተችው ጅዳ በምትኖር እህቷ እርዳታ ነው። ቀጠን ያለች፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎም የምትበርድ፣ ሥራዋን ግን ከልቧ የምትወድ ሴት ናት። ከዚያ በፊት ተማሪ ተቀብላ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲው ሲጠይቃት እምቢ ልትል አስባ፣ የምትመጣው የቄስ ልጅ መሆኗን ስትሰማ ሐሳቧን ቀየረች። ለምን እንደቀየረች ለማንም አልተናገረችም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጸደንያ መደርደሪያ ስታጠና፣ ጊዜው ያለፈበትን ስትለይ፣ የሐኪም ጽሕፈት ስትፈታ አሳለፈች፤ አሚራ ከትከሻዋ ላይ አትጠፋም ነበር። ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታ ጾም በተያዘ በሦስተኛው ቀን ግን አሚራ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ልትሰግድ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ እስክመለስ አንቺ አስተናግጂ አለቻት። ጸደንያ ደስታዋን መሸሸግ አቃታት። ጋዋኗን አስተካክላ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ሥር ስድስት ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ ሁለተኛው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ጥምጥማቸው ዝናብ ያራሰው ሽማግሌ። የስኳር መድኃኒት ማዘዣ ሰጧት። ቆጥራ በፖስታ ከተተችና ላዩ ላይ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ፣ አንዳንድ» ብላ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈችበት። ሽማግሌው ፊቷን ትክ ብለው አዩና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። ወሬው ወደ አባቷ እንዳይወስዳት ፈርታ፣ ከከላላ ነኝ ብላ ብቻ አለፈችው። «እንግዲህ ልጄ፣ ይሄ ነገር ከጾሙ ጋራ...» ብለው ጀመሩ። እሷ ግን ዓይኗ ሰልፉ ላይ ነበር። «ሁሉም ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አባቴ» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። መሪጌታ መርቀዋት ሄዱ። አሚራ ስግደቷን ጨርሳ ስትመለስ ስድስቱም ሰው ተስተናግዶ ነበር፤ ጸደንያም በዚያን ቀን በራሷ ኮራች።

ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆመ። መሪጌታ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ወድቀው ነው። ቀድሞ መድኃኒቱን ያዘዘላቸው የክሊኒኩ ሐኪም ወንድማገኘሁ ስኳራቸው እጅግ መውረዱን አይቶ ወዲያው ግሉኮስ ሰጣቸው፤ ዓይናቸውንም ገለጡ። ደጅ የቆመው ሰው ጾሙ ነው አለ፤ እርጅናው ነው ያለም ነበር። መድኃኒት ያለ ግን አልነበረም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓባይነሽ ተጨማሪ ግሉኮስ ሊገዙ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተሻገሩ። ጸደንያ እየሰጠቻቸው፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ በኩራት መለሱላት። ሰውዬው በጾም እህል የሚቀምሱት ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ ስለተባሉ፣ የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ ከእህሉ በኋላ ይውጣሉ። አንድም ቀን አላጓደሉም።

ወይዘሮዋ ግሉኮሱን ይዘው ወጡ። ሁለት ክኒን በአንድ እህል ላይ ተውጦ እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፤ ስኳራቸውን ያወረደው ይህ እንደሆነ ጸደንያ ገባት። እዚህ ላይ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም፤ የጻፈችው ማዘዣው ላይ ያለውን ነው፤ ወረቀቱ ቢመረመር አንድ ፊደል አይገኝባትም። ግን ሰውዬው ነገ ቤታቸው ገብተው ሁለቱን ክኒን በአንድ ጊዜ ይውጣሉ። ደግሞስ በፍልሰታ እንዲህ ያለ ሰው መቼ እንደሚበላ ያልሰማ ሰው ይሳሳት፤ እሷ ግን አባቷን በዚሁ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለማዕድ ስትጠብቅ ያደገች ልጅ ናት። ወደ አሚራ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። አሚራ ማዘዣውን አውጥታ አየችና የጻፍሽውስ ልክ ነው አለቻት።

«ሊጠይቁኝ ጀምረው ነበር፣ እትዬ አሚራ። እኔ ነኝ ያቋረጥኳቸው። የልምምድ መገምገሚያ ቅጼ ላይ የሚጽፉትን ይጻፉ።»

አሚራ ትቆጣለች ብላ ነበር። አልተቆጣችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ረመዷን ሲገባ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስንት ሰዓት እንደሚያፈጥር፣ ሌሊት ለሱሁር ተነስቶ እንደሚበላ እንደማይበላ ጠይቄ ነው የምሰጠው። የእናንተን ጾም ግን አጥርቼ አላውቀውም። ማን መቼ እንደሚበላ የምታውቅ ልጅ ትምጣልኝ ብዬ ነበር አንቺን እሺ ያልኩት።»

ከቁጣ ይልቅ ይሄ ዘልቆ ተሰማት። ጸደንያ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አሚራ ቁልፉን አነሳች። «አብሽሪ። ነይ፣ አብረን እንሻገር» አለችና በሥራ ሰዓት መድኃኒት ቤቷን ዘጋች።

ወንድማገኘሁ ታሪኩን ሲሰማ ግንባሩን አሻሸ። እሱም መድኃኒቱን ሲያዝዝ ስለ ጾሙ አለመጠየቁን አመነ። የሁለት ጊዜውን ትቶ፣ ጾሙ እስኪፈታ በቀን አንድ ክኒን ብቻ፣ ያውም ከእህል በኋላ እንዲሆን አዘዘ። ለሽማግሌው የመንገሩን ነገር ግን ለጸደንያ ተወላት።

መሪጌታ አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ዓባይነሽ ከግርጌያቸው ናቸው። ጸደንያ ጋዋኗን እንደለበሰች ቀረበችና፣ የኔታ ሊጠይቁኝ ሲሉ ያቋረጥኩዎት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ሽማግሌው ፊቷን ትክ ብለው አዩ።

«የቄስ አካሉ ልጅ ነሽ፤ ዓይንሽ የሱ ነው» አሉ። «ያን ቀንም አውቄሽ ነበር። ሥራ ላይ ናት ብዬ ነው የተውኩሽ።»

ክፉ ቢናገሯት ይሻላት ነበር።

«በእኛ ቤት» አሉ ቀጥለው፣ «መምህር ተናግሮ አይሄድም። ተማሪው ከአፉ ተቀብሎ መልሶ እስኪለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያንን ሳይመልስ ወደሚቀጥለው አያሻግረውም። ማስቀጸል የምንለው ይሄ ነው። በይ እንግዲህ፣ አስቀጽዪኝ።»

ጸደንያ እንባዋን ጠርጋ አጠገባቸው ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። በቀን አንድ ክኒን ብቻ አለች፤ መለሱላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እህል ከቀመሱ በኋላ አለች፤ መለሱላት። እህል ካልቀመሱ ክኒኑም አይዋጥም አለች፤ ይህንንም፣ ዜማ ሊያደርጉት ምንም ሳይቀራቸው፣ መለሱላት። ወይዘሮ ዓባይነሽ ፈገግ አሉ።

«ላብ ካጠመቀዎ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ሰዓቱ ባይደርስም ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ።»

መሪጌታ ይህን አልመለሱላትም።

ጸደንያ ምን እንደጠየቀች ታውቃለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ በጾም ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ወንድማገኘሁ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ሊል አፉን ሲከፍት አሚራ እጅጌውን ያዘችው። እውነት አላት፤ የሚፈቀደውን ከእሱ ይልቅ ሽማግሌው ያውቁታል።

«አንዴ ካልኩት ቃሌ ይይዘኛል፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ።

«ለዚህ ነው የምጠብቅዎ፣ የኔታ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማዶ የተዘጋው መድኃኒት ቤት በር ላይ ሰው ቆሞ ያንኳኳል። ጸደንያ ሰማችው፤ ዞራ ግን አላየችም። ፈርታለች፤ እምቢ ቢሏት ሌላ የምትለው ነገር የላትም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ የሽማግሌውን ፊት እያየች ተቀመጠች።

መሪጌታ ወደ ባለቤታቸው አዩ። ወይዘሮ ዓባይነሽ አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይጠቀልላሉ። ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ላብ ካጠመቀኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እጄ ከተንቀጠቀጠ... ሰዓቱ ባይደርስም... ስኳር በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ።»

ወይዘሮ ዓባይነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ከውስጡ።

መሪጌታ አበቃ እንደማለት ትራሱ ላይ ደገፍ አሉ። ጸደንያ ግን ከዱካዋ አልተነሳችም።

«አንዴ ይድገሙልኝ፣ የኔታ» አለች።