ሽምብራው ቀይ፣ ባቄላው ሰማያዊ

ምሥራቅ ከአዴት የመጣችው እናቷን ካሰችን ወደዚያው ልትወስድ ነው። በስልክ ግን ይህን አልተናገረችም። ካሰች በስልክ እምቢ ማለት ይቀናታል፤ ፊት ለፊት ሲሆን ልጇን እምቢ ብላ አታውቅም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ቡሬ ገባች፣ አደረች፣ ዓርብ ጠዋት እናቷ ጎረቤት ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ ጠብቃ በጓሮ ወዳለው ክፍል ሄደች።

ክፍሉ ድሮ በቆሎ ማስቀመጫ ነበር። ካሰች በፀሐይ መውጫ በኩል መስኮት አስወጥታለት የሥዕል ቤቷ ካደረገችው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሙያው ከአባቷ የወረሰችው ነው። አባቷ መሰላል ላይ ወጥተው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሥሉ ነበር፤ እሷ ሴት ናትና ወንዶቹ በሚቆሙበት በኩል ገብታ እንዲያ ማድረግ አልሆነላትም። እቤቷ ተቀምጣ በአቡጀዲ ላይ ትሥላለች፤ ካህናቱ ጠቅልለው ይወስዱና ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር እሷ ያልገባችበት፣ ሥዕሏ ግን የገባበት ቤተ መቅደስ ብዙ ነው።

«ሥዕል ሳያልቅ ሰው አያየውም» እያለች ማንንም አታስገባም። ምሥራቅም ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል።

አቡጀዲው በእንጨት ተወጥሮ ግድግዳውን ተደግፏል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሰማያዊ ካባዋ እስከ እግሯ ወርዶ። ሁሉም አልቋል፤ የቀሩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። ካሰች ዓይን የምትሠራው በመጨረሻ ነው። ሥዕሉ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት የታዘዘ ሲሆን መሪጌታ ይሄይስ ዛሬ ከሰዓት መጥተው ሊያዩት ቀጠሮ አላቸው።

ምሥራቅ ከሥዕሉ ይልቅ ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ያዛት። በከሰል የተሣሉ ፊቶች ናቸው፤ ሁሉም የራሷ። እናቷ እሷ መጥታ በሄደች ቁጥር አንድ ትሥላለች። የመጀመሪያዎቹ የብርቱካን ያህል ናቸው። ከዚያ እየተለቁ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው የሰፌድ ያህል ሆኖ መስመሩም እንደ ጣት ወፍሯል። «ይህን ያህል ናፍቄያታለሁ» አለች በሆዷ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ይዣት ልሂድ ያለችው ትክክል እንደሆነ ተሰማት።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ቀለሞቹ በቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ውስጥ ናቸው፤ ክዳናቸው ላይ እህል ተጣብቆባቸዋል። እዚህ ሽምብራ፣ እዚያ ባቄላ፣ እዚያ ደግሞ ምስር። አይጥ ከጓዳ አምጥታ የበተነችው ኮላ ላይ ወድቆ የደረቀ መሰላት። ምሥራቅ አዴት በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ዘር ስታበጥር ነው የምትውለው፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ፍሬ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በቢላ ፋቀችው። ክዳኖቹን አጠበች፣ ጣሳዎቹን በቁመታቸው ደረደረች። በሥዕሉ ላይ አግድምና ቁልቁል ተወጥሮ እዚህም እዚያም የተቋጠረ ክር አገኘች፤ ፈትታ ጠቀለለችው። ከዚያ ባዶ ካርቶን አምጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ይኸው፣ ሥራሽም አብሮሽ ይሄዳል» ልትላት ነው።

ካሰች ከለቅሶው ስትመለስ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገባች። እግሯ ካርቶኑን መታው። ቆም ብላ በእግሯ ገፋችው። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ ጣሳዎቹ ዘረጋች፣ በአውራ ጣቷ አንዱን ክዳን ዳበሰች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ምሥራቅ በር ላይ ቆማ ፈገግ አለች፤ ጽዳቱን እያደነቀችላት ነው ብላ።

እናቷ አንዱን ከፈተች፣ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው፣ ብሩሹን ነከረች፣ የካባውን ሰማያዊ ጫፍ ልታደምቅ አንድ ስንዝር ያህል ሳበች።

«እማ፣ አረንጓዴ እኮ ነው።»

የካሰች እጅ ቆመ። «አውቃለሁ» አለች። ክዳኑን እንደገና ዳብሳ ደግሞ፣ «ክዳኑን ማን አጠበው?»

«እኔ ነኝ። ቆሽሾ...»

«ሽምብራዬስ?»

ምሥራቅ ያን ጊዜ ዞር ብላ ከበሩ ጀርባ ያሉትን ፊቶች አየች። ከብርቱካን እስከ ሰፌድ። መጥታ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«ዓይንሽን ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና በፍልሰታ። የክረምት ጭጋግ መስሎኝ ይገለጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ መስከረምም ጠባ፣ አልገለጠም።»

«ሞራ ይሆናል። ይገፈፋል እኮ፣ እማ። ለምን አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽማ ካርቶን ይዘሽ ትመጫለሽ።»

«አየሽው እንዴ?»

«ረገጥሁት እንጂ የት አየሁት።»

ምሥራቅ ሳትፈልግ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም። «እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም አይጠፋኝም» አለች ካሰች ቀስ ብላ። «ሁሉንም በእጄ አውቀዋለሁ። አዴት ወስደሽ ብታስቀምጪኝ ግን የተቀመጠች አሮጊት ነኝ። መሪጌታም አሁን ይመጣሉ፤ እመቤቴ ዓይን የላትም።»

ምሥራቅ ተነሣች። ወደ ጓዳ ሄዳ በየቁናው ካለው እህል ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ዘግና መጣች፤ ኮላውንም ፈለገች።

«ንገሪኝ» አለች።

«ሽምብራው ቀይ። ባቄላው ሰማያዊ። በቆሎው ቢጫ። ምስሩ አረንጓዴ፣ ተልባው ጥቁር።»

«ነጩስ?»

«ነጩ ባዶውን ነው።»

«ባቄላ ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

«ምን ምክንያት አለው? ያን ቀን እጄ ላይ የነበረው ባቄላ ነው። ዘር ለቃሚዋ ልጄ መጥታ ትፍቀዋለች ብዬ አላሰብሁም።»

እንዲህ እየተባባሉ ለጠፉት። ክሩን ካሰች ራሷ መልሳ ወጠረችው፤ አንዱ ቋጠሮ የግንባር፣ አንዱ የአፍንጫ፣ ሁለቱ የዓይኖች ናቸው። አውራ ጣቶቿን በሁለቱ ቋጠሮዎች ሥር አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ የተልባውን ክዳን ፈልጋ ከፈተችና መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን ዓይን ሠራች።

«ቀኙ ይበልጣል?» አለች።

ምሥራቅ አየች። ልትዋሽ ፈልጋ ነበር። «ትንሽ ይበልጣል።»

«ይሁን። ያንቺም እንደዚያው ነው።»

መሪጌታ ይሄይስ ሲደርሱ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሥዕሉ ፊት ቆሙ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይህቺ አረንጓዴ አዲስ ናት፣ እመት ካሰች።»

«ልጄ ያመጣችው ናት።»

«ታምራለች። ዓይኗ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጣ። ሕዝቡ እመቤታችን እየቀረበችን ነው ይላል።» በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «ለግንቦት ልደታ ደግሞ አንድ ልናዝዝዎት አስበን ነበር...»

ምሥራቅ እናቷን አየች። ካሰች እጆቿን በጨርቅ ጠረገች።

«መጀመሪያ ዓይኔን ልታከም ነው፣ መሪጌታ። ታውሬአለሁ።»

መሪጌታ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። «እሰይ» አሉ። «ማን ይንገራቸው እየተባባልን ዓመት ሞላን እኮ። ልደታ ትቆያለች፤ ግድ የለም።»

እሳቸውን ከሸኙ በኋላ ምሥራቅ ካርቶኑን አንስታ ከክፍሉ አወጣችው። ጣሳዎቹንም እናቷ እየነገረቻት እንደ ድሮው ቦታ ቦታቸው መለሰች።

«ሐኪም ቤት ወስጄሽ እመልስሻለሁ» አለች።

«ትመልሽኛለሽ?»

«ሽምብራሽ እዚህ አይደል እንዴ።»

ካሰች ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ከሰል ዳብሳ አነሳች። ልጇን ክንዷን ይዛ ብርሃኑ ፊት አስቀመጠቻት፣ በግራ እጇ አውራ ጣት ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን ቀስ ብላ ለካች።

«አትሳቂ» አለቻት። «ጉንጭሽ ይሸሽብኛል።»