ከአራት ኪሎ ወዲያ

"አንሺው! ቀለሙን ትጭሪዋለሽ!" ብሎ ጮኸ ተስፋ።

ሰርክአዲስ ሻንጣዋን ከመኪናው ኮፈን ላይ አነሳች። ዚፑ ተበጥሶ ልብሷ በጎን ወጥቷል። ወንድሟ ትናንት ማታ ከመንዝ ደውሎ "እማዬ ስምሽን እየጠራች ነው፤ ቶሎ ድረሺ" ብሏታል። ባሏ ተስፋ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጎማ ይወለውላል።

ይህን የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት እናቷ ለሰርጓ የሰጠቻትን ወርቅ ፒያሳ ወስዶ ሲሸጠው "እናትሽን በየወሩ አሳይሻለሁ" ብሎ ምሎ ነበር። ይኸው ዓመት ሞላው፤ አንድ ቀን እንኳ አልወሰዳትም። መኪናውንም የገዛው ሰው ሲገዛ አይቶ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ፤ ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ግን ገና ተስፋ አላት! "ቤንዚን ድሮ ቀረ" እያለ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ይመላለሳል። አንዲት ማኪያቶ ጠጥቶ መመለስ ነው ሥራው። መኪናው ቻርጅ ሲደረግ ፍሪጁ ይነቀላል፤ ገመዱ ከሳሎን እስከ ደጅ ተዘርግቶ ጎረቤቱ ሁሉ እየዘለለው ያልፋል።

"ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሯል። ታዲያ ለምን አትወስደኝም?" አለችው።

"ቢያደርሰንስ፣ በምን እንመለሳለን? እዚያ ቻርጅ ማድረጊያ የት አለ? ገና ኩራዝ የሚያበሩ ሰዎች እኮ ናቸው! ስልጣኔ ለዚያ አገር አይሆንም።"

ጎረቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ከደጃቸው ሆነው ከት ብለው ሳቁ። "ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ሻማ የለመንከው እኔን አይደል እንዴ?"

"እርስዎ አይገባዎትም፣ እትዬ።"

"ወርቁ የመጣው ከዚያው ከኩራዙ አገር ነው" አለች ሰርክአዲስ። "እናቴ ልትሞት ነው፣ ተስፋ! እሺ፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፍረን አብረን እንሂድ።"

"እኔ? ቅጥቅጥ ላይ? ሰው ቢያየኝስ!"

እስከ ዛሬ ትናደድበት ነበር፤ አሁን ግን ናቀችው። ንዴቱ ይሻል ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ሻንጣ እንዲህ ተከፍቶ ረዳቱ ጣሪያ ላይ አይጭንልሽም። ገመድ ላምጣልሽ?" አሉ እትዬ አልጋነሽ።

"አለኝ፣ እትዬ።"

ሳሎን ገባችና የመኪናውን ቻርጅ ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። ገመዱን እየጠቀለለች ደጅ ወጥታ ከመኪናውም ነቀለችው። ከዚያ ሻንጣዋን ዙሪያውን ጠፍራ አሰረችበት።

"ኧረ ሰርኬ! በምን ቻርጅ ላደርገው ነው?"

"በኩራዝ" አለችና ታክሲ ልትይዝ ወጣች።