ስድስት መስኮት ያለው ቤት

ድንቅነሽ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጭቃ ስትረግጥ የበቅሎ ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። ለጣሊያን ሹም የሚያስተረጉመው ተክለማርያም ሁለት ወታደር አስከትሎ ቆሟል።

"ይሄ የማን ቤት ነው?"

"የእኔ ነው ጌታዬ" አለች። ውሸት አልለመደችምና ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ።

ስዊድኖቹ ሚሲዮናውያን ከተባረሩ ወዲህ የኮልፌ ሉተራውያን በየጓዳው ተደብቀው ነው የሚጸልዩት። ይህንን ቤት "የመበለቷ የድንቅነሽ መኖሪያ ነው" ብለው በደቦ ጀመሩት። ጸሎት ቤት መሆኑ ከታወቀ ይቃጠላል።

ተክለማርያም ዙሪያውን ቃኘ።

"ምሰሶ የለው፣ ጓዳ የለው፣ መደብ የለው! መስኮቱ ደግሞ ስድስት! አንቺ ሴትዮ፣ ብርድ ልታሳድሪበት ነው?"

ወታደሮቹ ሳቁ።

"ከሰዓት ሹሙን ይዤ እመለሳለሁ። ሰው ካልኖረበት በእሳት ነው" ብሎ በቅሎውን አዞረ።

ጥፋቱ የአናጢው የመገርሳ ነበር። እሁድ እሁድ የሚሰብከውም እሱ ነው። ምሰሶ ሰባኪውን ይጋርዳል፣ ሁሉም በየመጽሐፉ ሲያነብ ብርሃን ይፈልጋል እያለ ቁርጥ የሚሲዮኑን ጸሎት ቤት አስመስሎ ሠራው። ከደስታው የተነሳ መኖሪያ መምሰል እንዳለበት ጭራሽ ረሳው።

"በሉ መስኮቶቹን እንድፈናቸው" አለ አሁን፣ ጭቃ በሁለት እጁ እየዛቀ።

"በጨለማ ልናነብ ነው ጋሽ መገርሳ?" ድንቅነሽ ተናደደች። ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና ነው፤ ዓይኗ ያለ ብርሃን አይሠራላትም። "ከጓዳ ወጥተን ጓዳ ልንገባ?"

"ታዲያ ማን ሊኖርበት? ግድግዳው እርጥብ፣ ክረምቱ ደጅ ላይ! ሳንባ ምች ይጨርሰዋል እኮ!"

 ድንቅነሽ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ አሮጌው ቤቷ ገባች። ምድጃው ትኩስ ነበር። ሦስቱን ጉልቻዎች ባሏ ጉታ ጎጆ የወጡ ዕለት በእጁ የተከላቸው ናቸው። ከሞተም በኋላ አንድ ቀን አልተነቃነቁም። በጨርቅ ይዛ ስትነቅላቸው እንባዋ ቀደማት።

"ምነው ድንቄ!" ጎረቤቷ ዘይነባ በሩ ላይ ደነገጠች። "ጉልቻ ተነቀለ ማለት ቤት ፈረሰ ማለት አይደለም እንዴ?"

"ልሄድበት ነው ዘይነባ። እዚያ ልኖር ነው።"

ዘይነባ መቀነቷን አጥብቃ ገባች።

"አንዱን አምጪ በይ። ወገብሽ ሊቆረጥ ነው?"

ድንጋዮቹን ተሸክመው አዲሱ ቤት ገቡ። ድንቅነሽ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተከለቻቸውና እሳት አቀጣጠለች።

"ያ እኮ የሰባኪው ቦታ ነው!" ጮኸ መገርሳ።

"እሁድ እሁድ ድስቴን አወርዳለሁ። ሰኞ መልሼ እጥዳለሁ።"

መገርሳ አያት አያትና የያዘውን ጭቃ ወደ ጉድጓዱ መለሰው።

ሹሙ ሲመጣ ሽሮው ይንተከተካል። ጭሱ በስድስቱም መስኮት ይወጣል። ተክለማርያም አንገቱን አስግጎ ድስቱንም፣ ጥግ ላይ የተነጠፈውን ቁርበትም አየ።

"የማን ቤት ነው አልሽ?"

"የእኔ" አለች ድንቅነሽ ሽሮዋን እያማሰለች። "ይግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምዎታል?"

ጆሮዋ አልጋለም። አሁን እውነቷን ነበር።