ልክ እንደ መጀመሪያዎቹ ተማሪዎች

የትምህርት ቤታችን ስልሳኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሁኔታው እንዲህ ነበር፦ ከባንኮክ ርቃ በስተ ሰሜን በምትገኘው የላምፓንግ ከተማ፣ በዋንግ ወንዝ ዳር ባለው የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩን። የሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ፀጉር ጆሯቸው ላይ ተቆርጧል። ዘወትር ሰኞ ጠዋት በማስመሪያ የምለካው እኔ፣ የሳይንስ መምህርቷ ስለሆንኩ በዚህ አልሳሳትም። የቀረችው ቡዋፓን በቅርቡ ከገጠር የተዛወረች የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ናት፤ ሹሩባዋ ወገቧ ላይ ይደርሳል።

ቡዋፓን ከእኛ በዓል ቀጥሎ በሚውለው የቤተ መቅደሱ ዓመታዊ በዓል ላይ፣ ጣት ላይ ረጃጅም የነሐስ ጥፍር ተደርጎ የሚጨፈረውን የጥፍር ጭፈራ ከፊት ሆና እንድትመራ ተመርጣ ነበር። ፀጉሯን ጠቅልላ አበባ ያልሰካችበት ጨፋሪ ከሰልፉ ትወጣለች፤ ሰው ሠራሽ ፀጉርም አይፈቀድም። ስለዚህ ከተቆረጠ አለቀ።

ዳይሬክተሯ ፕራፓይ ተወልደው ያደጉት ባንኮክ ነው። በሰልፍ ላይ ቡዋፓንን ጠርተው፣

«ይህ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነው» አሏት። «የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ያከበሩትን አንቺ ልትሽሪው ነው?»

«እኔማ እንደነሱ ብሆን ደስታዬ ነው፣ እትዬ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ልክ እንደነሱ ከሆንኩ ይበቃል?»

«ልክ እንደነሱ! እንዲያውም ለስልሳኛ ዓመቱ በዓል የመጨረሻው ክፍል በሙሉ እነሱን መስሎ ይምጣ። አንቺም እስከዚያ ቀን ጊዜ አለሽ።»

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በሕይወት ያሉት ከገበያው ጀርባ የሚኖሩት እማማ ካምሙን ብቻ ናቸው። ቡዋፓንና የክፍል አለቃዋ ሳይፊን በዚያው ቀን እሳቸው ዘንድ ሄዱ። የተባባሉትን ኋላ ሳይፊን ነገረችኝ።

«እማማ፣ ያኔ ፀጉራችሁ እስከ የት ነበር?»

«መቀመጫችን ላይ! አጭር ፀጉርማ የባንኮኮች ነው። እኛ ጠቅልለን እናስረው ነበር።»

«ጥርሳችሁስ?»

«ጥቁር ነዋ! ጥርስ የሚያጠቁረውን ቅጠል ስናኝክ እንውል የለ? ነጭ ጥርስ የውሻ ነው ብለን፣ ያላትን ‹አንቺ ውሻ› እንላት ነበር።»

«በእረፍት ሰዓትስ?»

«ትምባሆ እናጨሳለን። እሳቱን የምታቀብለን መምህራችን ነበረች።»

በማግስቱ ሳይፊን ወደ ቤተ ሙከራ መጣች። «ቲቸር፣ ሰው የማይጎዳ፣ ሲታጠቡት የሚለቅ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«የደቀቀ ከሰል» አልኳት። ጥያቄው በደንብ የታሰበበት ስለነበር ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኩም።

የትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ወላጆች ግቢውን ሞሉት። እማማ ካምሙን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከበሮ ተመታና የመጨረሻው ክፍል ልጆች በባዶ እግራቸው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡ። ከፊት ቡዋፓን አለች፤ ፀጉሯ ተጠቅልሎ አበባ ተሰክቶበታል። ዳይሬክተሯ ወላጆች እያዩ ስለሆነ ፀጉሩን እንዳላዩ ሆነው ፈገግ አሉላቸው። ልጆቹም መልሰው ፈገግ አሉ።

አንድም ነጭ ጥርስ አልነበረም። ቀጥሎ ሁሉም በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ አውራ ጣት የሚያህል ትምባሆ ከጉያቸው አውጥተው፣ ሳይለኩሱ አፋቸው ላይ ሰኩ።

«ምንድን ነው ይሄ ጉድ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ነን፣ እትዬ» አለች ቡዋፓን።

«ውሸት! ማን ነው እንዲህ ያለው?»

እማማ ካምሙን ከወንበራቸው ተነሥተው ሳቁ። የእሳቸው ጥርስ ከልጆቹም የባሰ ጥቁር ነው። «እኔ ነኛ! ያቺ ሦስተኛዋ ግን አላኘከችም፤ ጥርሷ ገና ግራጫ ነው።» ከዚያ የራሳቸውን ትምባሆ አወጡና ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። «ልጄ፣ ክብሪት ይኖርሻል?»

ወላጆች በሳቅ ፈረሱ። ዳይሬክተሯ ወደ ቡዋፓን ጠጋ አሉ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ይህን እስከ መቼ ነው የምትቀጥሉት?»

«እርስዎ ደንቡ ነው እስካሉ ድረስ እንቀጥላለን፣ እትዬ። ትምባሆውን ግን በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው።»

ዳይሬክተሯ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና እማማን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነከሱ መሰለኝ።

«ጥርሳችሁን ታጠቡ። ትምባሆውን ለእማማ ስጧቸው። ፀጉሩን... እሱን እንደየፍላጎታችሁ።»

ቡዋፓን በቤተ መቅደሱ በዓል ጭፈራውን መራች። ደንቡ ግን ለሁሉም ነበር የተነሣው፤ ስለዚህ ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ዓመቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። አብዛኞቹ ሙቀቱን አልቻልነውም ብለው አጭሩን መረጡ። ፀጉራቸውን ያሳደጉት አሥራ አንድ ናቸው።